አራተኛው ረድፍ

ሻምበል ላጲሶ ሬሳውን ከማየቱ በፊት የገዳዩን ስም ነገሩት።

«ዘበኛው ነው» አለ በስልኩ ውስጥ ያለው ድምፅ። «እጁ ታስሯል። አንተ መጥተህ ወረቀቱን ብቻ ሙላልን።»

ዘመኑ 1970 ዓ.ም.፣ ወሩ ኅዳር ነበር። በየማለዳው ከአስፋልት ዳር ሬሳ በሚለቀምበት ከተማ አንድ ፖሊስ እንዲህ ተብሎ ቢታዘዝ የሚደነቅ የለም፤ እንዲያውም ወረቀት ይሞላ መባሉ ራሱ እንደ ትልቅ ወግ የሚቆጠር ነበር። ላጲሶ ግን ለራሱ የማይበጅ አመል አለበት። ያላየውን ጻፍ ሲሉት እጁ እምቢ ይለዋል። በዚህ አመሉ ሁለት ጊዜ ሹመት አልፎታል፣ አንድ ጊዜም ከመታሰር ለጥቂት ተርፏል። ሚስቱ «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ እያልክ ልጆችህን አባት ታሳጣቸዋለህ» ትለዋለች። እውነቷን ነው።

ግድያው የተፈጸመበት የችግኝ ጣቢያ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በስተምሥራቅ፣ ወደ ገርጂ በሚወስደው ኮረኮንች መንገድ ዳር ነው። አውሮፕላን በላዩ ባለፈ ቁጥር ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል፤ የጣቢያው ሰዎች ያን ጊዜ ወሬያቸውን ያቋርጡና ድምፁ ሲርቅ ካቆሙበት ቃል ይቀጥላሉ። በሩ ላይ የጠበቀው ስልኩን የደወለው ራሱ ጓድ ዱባለ ነበር፤ ጣቢያውን በፖለቲካ እንዲመራ ባለፈው ሚያዝያ የተመደበ፣ ሠላሳ ያልሞላው ካድሬ። ካኪ ለብሷል። ሽጉጡ ከወገቡ ይልቅ ከአነጋገሩ ላይ ይታያል።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ የአብዮት ጥበቃ መኪና ይመጣል» አለ። «ዘበኛውን እነሱ ይረከቡታል።»

ላጲሶ መኪናው ወዴት እንደሚሄድ አልጠየቀም። በዚያ መኪና ሄዶ የተመለሰ ሰው አያውቅም። ሰዓቱን ሲያይ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

ዘበኛው በዳሳ ከበሩ አጠገብ በተጋደመ የባሕር ዛፍ ግንድ ላይ እጁን ወደ ኋላ ታስሮ ተቀምጧል። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ትከሻው የወደቀ ሰው ነው። ሲያልፉ ቀና ብሎ እንኳ አላያቸውም።

ሟቹ አቶ ዘርአጽዮን የጣቢያው ኃላፊ ነበሩ። ሃያ ሁለት ዓመት ችግኝ ሲያፈሉ ኖረው፣ ሚስታቸው ካረፈች ወዲህ እዚያው ግቢ ውስጥ በአንዲት ክፍል ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። የተገደሉት «የመስታወት ክፍል» በሚሏት ቤት ውስጥ ነው። ክፍሏ ከመጋዘኑ ጋር ተጣብቃ የተሠራች፣ ሦስት ጎኗ ጥቁር የተቀባ ግንብ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ ስትሆን፣ በምሥራቅ በኩል ያለው አንድ ጎኗ ብቻ መስታወት ነው። ብርሃን የሚገባው በዚያ ብቻ ነው። ሬሳው በግንባሩ ተደፍቷል፣ ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈንክቷል፣ አጠገቡ ደም የደረቀበት አካፋ ወድቋል። ክፍሏ ትሞቃለች፣ ትሸታለችም።

«መቼ ነው የሞቱት?» አለ ላጲሶ።

ሬሳውን እንዲመረምር የተጠራው ሐኪም አፍንጫውን በመሐረብ እንደያዘ ራሱን ነቀነቀ። «ይህ ክፍል ፀሐይ ከወጣ ጀምሮ ምድጃ ነው። ሌላ ቤት ሁለት ቀን የሚፈጀውን እዚህ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። ትናንት ነው ብትለኝ እሺ፤ ቅዳሜ ነው ብትለኝም እሺ።»

በመስታወቱ አጠገብ አንድ ረጅም አግዳሚ ላይ የሱፍ ችግኝ የበቀለባቸው ጣሳዎች በአራት ረድፍ ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ጣሳ ዙሪያ፣ በአራቱ ጎን፣ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ የሚሉ ፊደላት በቀይ ቀለም ተጽፈዋል። ጓድ ዱባለ የያዘውን ፋይል ማሳረፊያ ሲያጣ ከመጀመሪያው ረድፍ አንዱን ጣሳ አነሣና ፋይሉን በቦታው አኑሮ ሲጋራውን ለኮሰ። ፋይሉን መልሶ ሲያነሣ ጣሳውን እንደነገሩ አስቀመጠው፤ መ ወደ መስታወቱ ዞረ።

ያን ጊዜ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ዓይኑን ይጠርግ የነበረ አንድ ቀጭን ሰው ሁለት እርምጃ ወደፊት መጣ፤ ጣሳውን በሁለት ጣቱ ይዞ ሀ ወደ መስታወቱ እስኪዞር አስተካከለውና ወደ ቦታው ተመለሰ። ያደረገውን ያወቀም አይመስልም።

«እርስዎ ማን ነዎት?»

«ሐዱሽ እባላለሁ። ምክትል ኃላፊ ነኝ። ከጋሼ ጋር አሥራ ሁለት ዓመት አብረን ሠርተናል።» ድምፁ ተሰበረ። «ሻምበል፣ ሐኪሙ ሰዓቱን ማወቅ ካልቻለ እነዚህ ጣሳዎች ሊነግሩዎት ይችላሉ።»

«ይንገሩኛ።»

«ተክል ብርሃን ወዳለበት ይሄዳል። በአንድ በኩል ብቻ ብርሃን ካገኘ ወደዚያው ይጎብጣል። ግንዱ ቀጥ እንዲል፣ ቅጠሉም በሁሉም ጎን እኩል እንዲያድግ ጋሼ በየማለዳው ጣሳዎቹን ሩብ ዙር ያዞሯቸዋል። ሐሙስ የ‹ለ› ተራ ነበር፣ ዓርብ የ‹ሐ›፣ ቅዳሜ የ‹መ›፣ ትናንት እሑድ ደግሞ የ‹ሀ›። ይኸው ሁሉም ሀ ወደ መስታወቱ ዞሯል። ስለዚህ ትናንት ማለዳ በሕይወት ነበሩ ማለት ነው። አንድም ማለዳ አስቀርተው አያውቁም።»

«ሰማህ?» አለ ዱባለ። «ትናንት ግቢው ዝግ ነው። ያደረው ዘበኛው ብቻ ነው። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

ላጲሶ አግዳሚው ላይ አጎንብሶ ነበር። የሦስቱ ረድፍ ችግኞች ቀጥ ብለው ቆመዋል። የአራተኛው ረድፍ ግን ሌላ ነው። ግንዳቸው ከሥሩ ወደ ጎን፣ ወደ ጥቁሩ ግንብ ተጋድሞ አድጓል፤ ጫፉ ብቻ እንደገና ተቀልብሶ ወደ መስታወቱ ዞሯል። ላጲሶ የሆሳዕና ገበሬ ልጅ ነው። እናቱ ከቤቱ ግድግዳ ሥር የተከለቻቸው እንሰቶች ከግድግዳው ሸሽተው ወደ ደጅ ይጎብጡ እንደነበር ያስታውሳል። ወደ ግንብ የሚጎብጥ ተክል ግን በሕይወቱ አላየም።

ከአግዳሚው ሥር ክዳን ያለው ጥቁር ሣጥን ነበር። ከፈተው። ውስጡ ያሉት ችግኞች ረጅም፣ ነጭና ቀጭን ናቸው፤ ቅጠላቸው ከምስር አይበልጥም። ጨለማ ውስጥ የበቀሉ ናቸው። ላጲሶ ከርቸሌ ያያቸውን ልጆች አስታወሰና ክዳኑን ቶሎ መለሰው።

ከሬሳው የደረት ኪስ አንዲት ትንሽ ደብተር አወጣ። ገጾቹ በደም ተጣብቀዋል። በመሐረብ ጠቅልሎ እንዲደርቅ ፀሐይ ላይ አስቀመጣትና ወደ በዳሳ ሄደ።

«ገመዱን ፍቱላቸው» አለ በዳሳን ለሚጠብቁት ሁለት ታጣቂዎች። ከዘበኛው ጎን ግንዱ ላይ ተቀመጠ። «ጋሽ በዳሳ፣ ቅዳሜና እሑድ የት ነበሩ?»

«ለገጣፎ። አክስቴ ሞታብኝ ለቅሶ ላይ። ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ ‹ሂድ፣ ግቢው ውስጥ እኔ አለሁ› አሉኝ። ትናንት ማታ ሁለት ሰዓት ተመለስኩ። በሩ ዝግ ነው፣ የጋሼም መብራት ጠፍቷል። ተኝተዋል ብዬ አልረበሽኳቸውም።»

«ለገጣፎ ማን አየዎት?»

«ሰው ነበር።»

«ስም ይጥሩልኝ።»

በዳሳ የእጁን አንጓ አሻሸ። አውሮፕላን አለፈ። ድምፁ ከራቀም በኋላ ዝም እንዳለ ነበር።

«ጋሽ በዳሳ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪና ይመጣል። የሚመጣው ለእርስዎ ነው።»

«አውቃለሁ ጌታዬ። ስም ከጠራሁ ግን ነገ ለእነሱም ይመጣል።»

«ለቅሶ መሄድ ምን ወንጀል አለው?»

ዘበኛው ግራ ቀኙን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ታናሽ ወንድሜ ጉተማ እዚሁ ውሃ አጠጪ ነበር። በሰኔ ወሰዱት። ችግኙን መርዞ ገደለ አሉ። ሬሳ አልሰጡንም፤ ለፀረ አብዮት አይለቀስም ተባልን። እናታችን አምስት ወር እንባዋን ውጣ ተቀመጠች። አክስቴ ስትሞት ጊዜ ሁሉም መጣ። ስሙን የጠራ የለም። ሙሾው የእሷ ነበር፣ እንባው ግን የሱ። አርባ ሰው ነው ያለቀሰለት። አሁን የእነሱን ስም ልስጥዎት?»

ላጲሶ እርሳሱን አቆመ። በሰው ለቅሶ የራስን ሐዘን ማልቀስ የአገር ልማድ ነው፤ እሱም አባቱን ያለቀሰው በጎረቤት ድንኳን ነበር። ወረቀቱ ላይ «ለገጣፎ፣ የአክስት ቀብር» ብቻ ብሎ ጻፈ። ይህም ቢሆን የሚጠቅመው አቶ ዘርአጽዮን የሞቱት በዳሳ ሳይመለስ ከሆነ ነው። ጣሳዎቹ ግን እሑድ ዞረዋል።

ሬሳውን ያገኘችው ምንትዋብ የምትባል ረዳት ባለሙያ ናት። ከጎንደር የመጣች፣ የእርሻ ኮሌጅ የጨረሰች፣ ሃያ ስድስት ዓመቷ። ላጲሶ ሲያገኛት ለችግኞቹ ጥላ በሚሰጠው ዳስ ሥር ቆማ ደርቆ የተጫነ ቅጠል በወረቀት መካከል እየደረደረች ነበር።

«ምንድን ነው የምትሠሪው?»

«ጋሼ ዛሬ ለአጣሪ ኮሚቴ ሊያሳዩት የነበረ ነው። አሥር ሰዓት ላይ ይመጣሉ ተብሎ ነበር።» ሁለት የዋንዛ ቅጠል ሰጠችው። «የአንድ እናት ዛፍ ዘር ናቸው።»

አንደኛው የእጅ መዳፍ የሚያክል፣ ስስና ጥቁር አረንጓዴ ነው። ሌላኛው ግማሹን አይሞላም፤ ወፍራምና ደረቅ ነው።

«ትልቁ የሚመቸው ቦታ የበቀለው ነዋ» አለ ላጲሶ።

«ሁሉም እንዲያ ይላል። ትልቁ ጥላ ያሳደገው ነው። ብርሃን ስለሚያንሰው ያገኛትን ለመልቀም ይዘረጋል፣ ይሳሳል። ትንሹ ፀሐይ ያሳደገው ነው፤ ብርሃኑ ስለሚተርፈው ተሰብስቦ ቆዳውን ያወፍራል።»

«ጥላ ያሳደገውን በአንድ ቀን ፀሐይ ላይ ቢያወጡትስ?»

ምንትዋብ ወደ ቢሮው በኩል ተመለከተች። «ይቃጠላል። ዳሱ ቀስ በቀስ ነው የሚነሳው፤ በሳምንት ትንሽ ትንሽ። በአንድ ቀን ከተነሳ ቅጠሉ ይነጣል፣ ከዚያ ይጠቁራል።»

«እንደተመረዘ?»

«ለማያውቅ ሰው፣ እንደተመረዘ።»

ከዚያ በኋላ ቀስ እያለች ነገረችው። በግንቦት ጋሼ ሆስፒታል ተኝተው ሳለ፣ ሃያ ሺህ የዋንዛ ችግኝ ከቀጠሮው በፊት እንዲደርስ ጓድ ዱባለ አዘዘ፤ ዳሱ በአንድ ቀን ተነሳ። በሳምንቱ ችግኙ አለቀ። አሻጥር ነው፣ መርዝ ነው የሚል ሪፖርት ተጻፈ፤ ውሃ አጠጪው ጉተማ ተወሰደ። ጋሼ ድነው ሲመጡ የደረቁትን ቅጠሎች አይተው አንድ ቀን ሙሉ ከክፍላቸው አልወጡም።

«ዳሱን ለማንሳት ባለሙያ ይፈርማል። እኔ አልፈረምኩም። ወረቀቱ ጠፍቶ ነበር፤ ጋሼ ባለፈው ሳምንት እንዳገኙት ነገሩኝ። የማን ፊርማ እንደሆነ ግን አልነገሩኝም።»

«የመስታወት ክፍሉ ቁልፍ ያለው ማን ማን ነው?»

«እሳቸው፣ አቶ ሐዱሽ፣ ጓድ ዱባለና እኔ።»

«አራተኛው ረድፍ ለምን ጠመመ?»

ቅጠሉ ከእጇ ወደቀ። «አላውቅም» አለች፤ ልታነሣው ጎንበስ ብላ ቶሎ ቀና አላለችም። ላጲሶ መዋሸቷን አወቀ፤ የዋሸችው ከፍርሃት እንደሆነም አወቀ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም በሚባልበት ዘመን ያደገ ሰው የሚያውቀውን ሁሉ እንዲናገር መጠበቅ ግፍ ነው።

ሐዱሽን ቢሮው ውስጥ አነጋገረው። ጠረጴዛው ላይ እርሳሶቹ በቁመታቸው ተደርድረዋል።

«ሳምንቱን የት ነበሩ?»

«ከማክሰኞ ጀምሮ ሞጆ፣ ለሥራ። ቅዳሜ ቀትር ላይ ተመልሼ በቀጥታ ቤቴ ገባሁ።»

«እሑድስ?»

«ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ የቀበሌ ስብሰባ፤ ስም ይጠራል። ከዚያ ባለቤቴ እንግዳ ጠርታ ነበር። እስከ ማታ አራት ሰዓት ከሰው አልተለየሁም።»

«ወደ መስታወት ክፍሉ መቼ ገቡ?»

«ዛሬ ጠዋት፣ ከእርስዎ ጋር። ከሰኞ እስከ ሰኞ ደጃፉንም አልረገጥኩት።»

ላጲሶ አመሰገነውና ወጣ። ደብተሯ ደርቃ ነበር። ግንዱ ላይ፣ ከበዳሳ አጠገብ ተቀምጦ ገጾቹን በምላጭ እያላቀቀ አነበበ። የዓርብን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ አንድ ወረቀት ጽፎ ጨረሰ፣ የቅጠሉን ነገርም ጨመረበት፤ ሬሳውን ለሚወስደው ሐኪም በፖስታ አሽጎ ሰጠው። ለምርመራ ሹም ብቻ እንዲሰጥ አደራ አለው።

ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉንም ወደ መስታወት ክፍሏ ጠራ። በዳሳ በሁለቱ ታጣቂዎች መካከል ቆመ። ምንትዋብ ግድግዳውን ተደገፈች። ሐዱሽ ኮፍያውን በእጁ ይዟል። ዱባለ ሰዓቱን ያያል። ሬሳው የነበረበትን ቦታ ማንም አልረገጠውም።

«አንድ ሰዓት ቀርቶሃል» አለ ዱባለ።

«ይበቃኛል። አቶ ሐዱሽ ጠዋት ጥሩ ነገር አስተማሩኝ። እነዚህ ጣሳዎች ሰዓት ናቸው። ሦስቱ ረድፍ ትክክል ይናገራሉ፤ አራተኛው ግን ከእነሱ ጋር ተጣልቷል። እዩት። ግንዱ ወደ ግንቡ፣ ጫፉ ወደ መስታወቱ። ተክል ጨለማ ፍለጋ አይሄድም። ስለዚህ ግንዱ ሲጎብጥ መስታወቱ በዚያ በኩል ነበር ማለት ነው።»

አንዱን ጣሳ አንሥቶ ለ ወደ መስታወቱ እስኪመጣ አዞረው። የግንዱ ጉብጠት ቀጥ ብሎ ወደ ብርሃኑ ዞረ።

«ለ የሐሙስ ፊደል ነው። ይህ ረድፍ ዓርብ አልዞረም፣ ቅዳሜም አልዞረም። ሦስት ቀን ወደ አንድ አቅጣጫ ጎበጠ። ከዚያ አንድ ሰው ሀ ላይ አዞረው፤ አሮጌው ጉብጠት ወደ ግንቡ ሄደ፣ ለጋው ጫፍ ደግሞ በአንድ ቀን ብርሃኑን ፈልጎ ተመለሰ። ይህ የሆነው ትናንት ማለዳ ነው።»

«ሽማግሌው ረስተውት ይሆናላ» አለ ዱባለ። «ትናንት አስታውሰው አስተካከሉት።»

ላጲሶ ደብተሯን ከፈተ። «ዓርብ። አራተኛው ረድፍ ከዛሬ ጀምሮ አይዞርም። እስከ ሰኞ ወደ ብርሃን ይጎንበስ፤ የኮሚቴው ሰዎች ብርሃን ተክልን እንደሚያዝ በዓይናቸው ይዩ። ለምንትዋብ ነግሬያታለሁ።» ገጹን ገለጠ። «‹ቅዳሜ። አራተኛው ጥሩ ጎብጧል። እንዳይነካ።› የእሑድ ገጽ የለም። አቶ ዘርአጽዮን ለሰኞ ብለው በእጃቸው ያዘጋጁትን ማስረጃ እሑድ በእጃቸው አያጠፉም። ያዞረው ሌላ ሰው ነው። ሌላ ሰው እሑድ ማለዳ ጣሳ የሚያዞረው አንድ ነገር ፈልጎ ብቻ ነው፤ ዘርአጽዮን በሕይወት አሉ እንዲባል። ስለዚህ እሑድ ሲነጋ ሞተው ነበር። የተገደሉት ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ጋሽ በዳሳ ለገጣፎ ነበሩ።»

በዳሳ ቀና ብሎ አየው።

«ከሟቹ ሌላ ቁልፉ ያላቸው ሦስት ናቸው» ሲል ቀጠለ ላጲሶ። «ጓድ ዱባለ፣ እርስዎ ጠዋት ጣሳ አንሥተው እንደመጣልዎት ነው ያስቀመጡት። ፊደሉ ምን እንደሆነ አያውቁም። የማያውቅ ሰው ሊያዞር አይችልም። ምንትዋብ አራተኛው ረድፍ እንዳይነካ ተነግሯታል። የምታውቅ ሰው አትነካውም። ሌላ ሰው ላይ ለማላከክ ብትነካው ኖሮ ደግሞ ስጠይቃት ትናገር ነበር እንጂ አትደብቀኝም። የቀረው መዞሩን የሚያውቅ፣ መቆሙን ያልሰማ ሰው ነው። ማክሰኞ ሄዶ ቅዳሜ የተመለሰ፣ እሑድን ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ ከምስክር ያልተለየ ሰው።»

ሐዱሽ ኮፍያውን አጥብቆ ያዘ። «ሻምበል፣ ይህ ግምት ነው። ምንትዋብ የምታደርገውን ማን ያውቃል? እሷ ለሥራ ግድ የላትም። እሷ በደንብ ብትሠራ ኖሮ ያ ረድፍ ሁለት ቀን ለ ላይ ተረስቶ አይገኝም ነበር።»

ላጲሶ ድምፁን አልጨመረም።

«ተረስቶ ያገኘው ማን ነው?»

ሐዱሽ ወደ አራተኛው ረድፍ ዞር አለ።

«ዛሬ ጠዋት ሁሉም ሀ ላይ ነበር፤ እርስዎ ራስዎ አሳይተውኛል። ለ ላይ የነበረው እስከ እሑድ ማለዳ ብቻ ነው። ሞጆ ሆነው አያዩትም። እኔ የነገርኳችሁ ሆነ ተብሎ መተዉን ነው፤ እርስዎ ግን አሁንም ‹ተረስቶ› ይላሉ። ያን ማለዳ ያሰቡት ነውና። ሥርዓት ይወዳሉ። ተጣሞ ያዩትን ጣሳ ሳያስተካክሉ ማለፍ አይችሉም፤ ጠዋት በሐዘን መካከል እንኳ አላለፉትም።»

«ጋሼን እንዴት እኔ…»

«ሬሳቸውን ተሻግረው አዞሩት» አለች ምንትዋብ። ያን ቀን ሙሉ ሳትጠየቅ የተናገረችው ይህን ብቻ ነው።

ሐዱሽ አግዳሚው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፤ ሲናገር ለላጲሶ ሳይሆን ለጣሳዎቹ ይመስል ነበር። «ዳሱ ይነሳ ሲባል እንደሚቃጠል አውቅ ነበር። ግን እምቢ ማለት ፈራሁ፣ ፈረምኩ። ሲያልቅ ደግሞ ይጠይቁኛል ብዬ ፈራሁ፣ መርዝ ነው ብዬ ጻፍኩ። ስም አምጣ ሲሉኝ የጉተማን ስም ሰጠሁ፤ ውሃውን የሚያጠጣው እሱ ነበርና። ቅዳሜ ጋሼ ፊርማዬን አሳዩኝ። ‹ሰኞ አንተው ራስህ ተናገር፣ እኔ አጠገብህ እቆማለሁ› አሉኝ። ለመንኳቸው። ‹የሰው ነፍስ ነው፣ ሐዱሽ› ብለው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ወደ ጣሳቸው ዞሩ። አካፋው እዚያ ነበር።»

«ወረቀቱስ?»

«አቃጠልኩት።»

ዱባለ ሲጋራውን ጣለና ረገጠው። ፊቱ ላይ እፎይታ ነበር። «ጥሩ። ገዳዩ ተገኝቷል። የሰኔው ጉዳይ ግን የተዘጋ ነው፤ በዚህ ወረቀት ውስጥ አይገባም።»

«ገብቷል። ቅጠሎቹም ገብተዋል። ሐኪሙ ከሬሳው ጋር ይዞት ሄዷል።»

«ይህ አመልህ አንድ ቀን ይበላሃል» አለ ካድሬው። ዛቻ ይሁን ምክር ከድምፁ አይለይም።

መኪናው በሰዓቱ መጣ። ላጲሶ ሐዱሽ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ፖሊስ እንደሚረከበው ተናገረ፣ ወረቀትም አወጣ። የመጡት ሰዎች አላነበቡትም። ባዶውን የሚመለስ መኪና አልነበራቸውም። ሐዱሽን ክንዱን ይዘው ጫኑት፤ እሱም ኮፍያውን ጭኑ ላይ አስተካክሎ አስቀመጠና ዓይኑን ጨፈነ። አቧራው እስኪወርድ ላጲሶ መንገዱ ላይ ቆሞ ቀረ። አንዱን አድኖ ሌላውን የሰጠ መሰለው፤ ወንጀለኛ ቢሆንም ለፍርድ እንጂ ለዚህ አልነበረም የያዘው። ሲመለስ አፉ መሮታል።

በዳሳ ግንዱ ላይ፣ ያንኑ ቦታ፣ እጁ ተፈትቶ ተቀምጧል። እንደ ተፈታ ሰው ደስ ያለው አይመስልም።

«ጋሽ በዳሳ፣ ወንድምዎ ምንም አልመረዘም። ችግኙን የገደለው ፀሐይ ነው።»

«እኛማ እናውቅ ነበር» አለ ዘበኛው። «ጋሼም ያውቁ ነበር። ለዚህ ነው የሞቱት።» ጋቢውን ሰበሰበ። «ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ይጠይቁኝ።»

«አሁን ለእሱ ለቅሶ መቀመጥ ይፈቀድልናል?»

ፈቃዱ የላጲሶ አይደለም። ሰጪው ማን እንደሆነ ያውቃል፤ ዛሬም ሆነ ነገ እንደማይሰጥም ያውቃል። ዱባለ ከቢሮው በር ላይ ቆሞ ያያቸዋል።

ላጲሶ የማዕረግ ኮፍያውን አወለቀ። ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ከበዳሳ እግር አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ዱባለም እንዲሰማው ድምፁን ሳይቀንስ ተናገረ።

«ጋሽ በዳሳ፣ እግዜር ያጥናዎት።»

በአምስት ወር ውስጥ ስለ ጉተማ ይህን ቃል ለበዳሳ የተናገረ ሰው አልነበረም። ዘበኛው ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ምንትዋብ ከዳሱ ሥር መጥታ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከላጲሶ አጠገብ ተቀመጠች።